የሁለተኛዋ ዘፋኝ የሻንጣ ዘፈን

«የሰዓት ሠሪው መበለት» ስለምትባለው አስቂኝ ኦፔራ ናፖሊ ውስጥ ያልተወራ ወሬ የለም። የሙዚቃ ደራሲው ማኤስትሮ ሎፍሬዶ በአሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከአልጋው ሳይወርድ እንደጻፋት ይወራል። በመጀመሪያው ምሽት በንቀት እንደተፏጨባት፣ በሦስተኛው ምሽት ግን ሕዝቡ ፈረሶቹን ፈትቶ የማኤስትሮውን ሠረገላ ራሱ እየጎተተ ቤቱ እንዳደረሰው ይወራል። የፉጨቱ ነገር እውነት ነው። የአልጋው ነገር ውሸት ነው፤ ሰውየው አልጋ ላይ የሚወጣው ለመተኛት ብቻ ነበር፣ ያውም አብዝቶ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን የትንሿ ጌጥ ታሪክ ነው። መበለቷ ብቻዋን ቆማ የምትዘፍነውን ዘፈን የማያውቅ የለም። በሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ወደ ላይ ሊወጣ ይልና ሐሳቡን ቀይሮ በሦስት ኖታ ተጠምዝዞ ያርፋል። ጌጥ የምላት ያቺን ነው። አዋቂ ነን ባዮቹ «ታላቋ ሲኞራ ማራስካ በሦስተኛው ምሽት በድንገት የፈጠረቻት» እያሉ ይጽፋሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ጌጧን የፈጠረችው ሌላ ሴት ናት፤ የፈጠረችውም ለአንድ ሰው ብላ ነው። ሰውየው ደግሞ ጌጧን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጠላት ኖረ።

ሴቲቱ ብሪጂዳ ትባላለች። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ሲሆን የቲያትሩ ሁለተኛ ዘፋኝ ነበረች። ሁለተኛ ዘፋኝ ማለት ለአንደኛዋ መብራት የምትይዝ፣ ደብዳቤ የምታቀብል፣ «ወይኔ እመቤቴ፣ ጌታው መጡ!» ብላ የምትሮጥ ማለት ነው። በየኦፔራው አንድ ዘፈን ብቻ ይደርሳታል፤ እሱም በሎሚ በረዶ ሰዓት። ሕዝቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሻማው ሙቀት ሲቀልጥ ይቆይና ሻጮቹ በበረዶ የተመታ የሎሚ ጭማቂ በብርጭቆ ደርድረው ይገባሉ። ልክ በዚያች ቅጽበት ሁለተኛዋ ዘፋኝ አፏን ትከፍታለች። ማንኪያው ይንኳኳል፤ ባል ለሚስቱ «እስቲ ቅመሺው፣ የዛሬው ስኳሩ በዝቷል» ይላል። የቲያትር ቤት ሰዎች ያንን ዘፈን «የበረዶው ዘፈን» ይሉታል። ብሪጂዳ በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ የበረዶ ዘፈን ዘፍናለች። አሥራ አንዱንም ጊዜ ሰዉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏታል።

እናቷ ዶና ቪንቼንዛ ከመጋረጃው ጀርባ የራሷን ወንበር ይዛ ትቀመጣለች። ካልሲ ትሠራለች፤ ዓይኗ ግን ከልጇ ላይ አይነሳም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሰው ልብስ አጣቢነት ነው ልጅቷን በድምፅ መምህር ያስተማረቻት፤ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ በፈላ ውሃ እንደተለበለበ ቀይ ነው። ለቲያትር ቤቱ ሙዚቀኞች ያላት አስተያየት አጭር ነበር። «ቫዮሊን የሚመታ ወንድ ይራባል፤ ቼምባሎ የሚመታ ደግሞ ተቀምጦ ይራባል» ትላለች።

በዚያ አገር ልማድ የኦፔራው ደራሲ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች ራሱ ፒያኖ መሰሉ ቼምባሎ ላይ ተቀምጦ የመጫወት የውል ግዴታ አለበት። ጭብጨባውንም ፉጨቱንም ፊት ለፊት ይቀበላል። ከአራተኛው ምሽት ጀምሮ ረዳቱ ይተካዋል። ማኤስትሮ ሎፍሬዶ ግን ውሉ ስለ ሎሚ በረዶ ምንም አይልም ባይ ነው፤ የብሪጂዳ ዘፈን ሲደርስ አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ ብርጭቆ ፍለጋ ይወጣል። አንድ የመስከረም ምሽት በተወው ወንበር ላይ ቀጠን ያለ፣ እጅጌው ያጠረበት አዲስ ወጣት ረዳት ተቀመጠ።

ብሪጂዳ እንደ ልማዷ ጀመረች። አራተኛው መስመር ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሁልጊዜም እዚያ ጋ ቼምባሎው ጥሏት ይሄዳል፤ እሷም እየሮጠች ትከተላለች። በዚያ ምሽት ግን ቼምባሎው ጠበቃት። ዝቅ ብላ አየች። ወጣቱ እጆቹን ከቁልፎቹ በላይ አንስቶ፣ ዕቃ ለተሸከመ ሰው በር ይዞ እንደሚቆም ሰው፣ ዓይኗን እያየ ቆሟል። ትንፋሿን ስባ ስትገባ አብሯት ገባ። በዙሪያቸው ሦስት መቶ ሰው ሎሚ ይልሳል።

በኋላ ደረጃው ላይ ያዘችው።

«አንተ፣ የሎሚ በረዶ አትወድም እንዴ?»

«እወዳለሁ።»

«ታዲያ ሁሉ ሲበላ እኔን የምታየኝ ምን ሆነህ ነው?»

«ትንፋሽሽን እየጠበቅኩ። አራተኛው መስመር ላይ ያልቅብሻል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ የጻፈው ሰው አንቺን አስቦ አይደለም የጻፈው።»

ብሪጂዳ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። ለእሷ ታስቦ የተጻፈ ነገር በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም፤ ሌሎች የጣሉትን ነበር የምትዘፍነው።

«ስምህ ማነው?»

«አኒዬሎ።»

«የማን ልጅ?»

«የማንም። በወላጅ አልባዎቹ የሙዚቃ ቤት ነው ያደግኩት። ቼምባሎውና እኔ አንድ ቀን ነው የገባነው፤ እሱ በስጦታ፣ እኔ በቅርጫት።»

ከላይ የዶና ቪንቼንዛ ድምፅ መጣ። «ብሪጂዳ! ደረጃው ላይ ብርድ አለ፤ ከብርዱም የባሰ ነገር አለ!»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የነበረው ነገር ሁሉ መከልከል ነው። ረዳቱ ለዘፋኞች ድርሻቸውን የማስጠናት ሥራ ስለነበረበት በሳምንት ሦስት ጠዋት ብሪጂዳ ቤት ይመጣል፤ ዶና ቪንቼንዛም ወንበሯን በሁለቱ መካከል ታስቀምጣለች። ሲያወሩ «ሥራ!» ትላለች። ዝም ሲሉ ደግሞ «ይኼ ዝምታ ምንድነው?» ትላለች። አኒዬሎ አንድ ቀን ተማርሮ ሙሉውን ጥያቄ በዜማ አድርጎ፣ የድርሻዋ ቃል አስመስሎ ዘፈነላት፦ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደብ ላይ ትመጫለሽ ወይ?» ብሪጂዳም በዚያው ዜማ «እናቴ አብራኝ ትመጣለች» ብላ መለሰች። ዶና ቪንቼንዛ ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ «ያቺ እናት እኔ ነኝ መሰለኝ» አለች።

በጥቅምት፣ በስሟ በምትጠራው ቅድስት በዓል ቀን፣ አኒዬሎ በክር የታሰረ አራት ገጽ ወረቀት ይዞላት መጣ። ዶና ቪንቼንዛ ዓሣ ሻጩን ለመቆጣት መስኮት ላይ ነበረች፤ ዓሣ ሻጩ ደግሞ በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም።

«ምንድነው?»

«የሻንጣ ዘፈን።»

ብሪጂዳ ወረቀቱን ተቀበለችው። ስም ያላት ዘፋኝ ሁሉ የሻንጣ ዘፈን አላት፤ ለእሷ ድምፅ ብቻ የተሰፋ፣ ከከተማ ከተማ በሻንጣዋ ይዛው የምትዞር፣ በፈለገችው ኦፔራ መሐል የምትከተው። የሻንጣ ዘፈን የሌላት ጥሎሽ እንደሌላት ሙሽራ ናት። ወረቀቱን ገልጣ አየችው። አራተኛው መስመር ላይ ማረፊያ ነበረው።

«ሌላ ቅጂ የለም» አለ አኒዬሎ በሹክሹክታ። «ረቂቁን አቃጥዬዋለሁ። ያንቺ ብቻ ነው። አንዴ የተሰጠ የሻንጣ ዘፈን ለሁለተኛ ሰው የሰጠ ሌባ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እና... ካርኒቫል ሲያልቅ ታገቢኛለሽ ወይ? ቶሎ በይ፣ ዓሣው ሊገዛ ነው።»

ብሪጂዳ ልቧ «አዎ» አለ፤ አፏ ግን አሥራ አንድ የበረዶ ዘፈን ታወሰውና አንዲት ነገር ተመኘ። መልሷን እሱ እጆቹን አንስቶ እየጠበቃት፣ መድረክ ላይ ሆና ልትሰጠው ፈለገች።

«መልሴን ዘፈኑ ውስጥ ታገኘዋለህ» አለችው። «መጀመሪያ የዘፈንኩት ቀን ትሰማዋለህ።»

«ከአሁኑ ብትነግሪኝ ምን አለ?»

«አኒዬሎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ይጠብቀኝ!»

ሳቀና እሺ አላት። በዚያው ሳምንት ማኤስትሮውን አስፈቀደላት፤ አዲሲቱ ኦፔራ «የሰዓት ሠሪው መበለት» በካርኒቫል፣ ከጾም በፊት ባለው የጭፈራ ወቅት፣ ስትከፈት፣ አኒዬሎ ቼምባሎውን በሚረከብበት በአራተኛው ምሽት ብሪጂዳ በበረዶው ሰዓት የራሷን ዘፈን ትዘፍናለች። ማኤስትሮው «ከፈለገች የጸሎት መጽሐፍ ታንብብ፣ ማን ይሰማል» ብሎ ፈቀደ።

ብሪጂዳ ዘፈኑን በሻንጣዋ የውስጥ ጨርቅ ሥር ደበቀችው። እናቷ ገበያ ስትወጣ ታወጣውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትለማመዳለች። አንድ ጠዋት ሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ሳታዝዘው ተጠመዘዘ፤ ሦስት ኖታ፣ ወደ ላይ ሊሄድ ብሎ የተመለሰ። ዘፈነችው፤ ደገመችው። መልሷ ይኼ ነው። ብዕር ነክራ ወረቀቱ ላይ በራሷ እጅ ጨመረችው። ቀለሙ ከአኒዬሎ ቀለም ትንሽ ይቀላ ነበር። ለእሱ አልነገረችውም። ለማንም አልነገረችም።

ኦፔራዋ ተከፈተች፤ ተፏጨባት። ያውም እንዴት ያለ ፉጨት! አንዱ ድመት ይዞ ገብቶ ነበር። በሁለተኛው ምሽት ድመቱ ባይመጣም ፉጨቱ መጣ። ሲኞራ ማራስካ፣ አንደኛዋ ዘፋኝ፣ ጫማዋን አውልቃ የቲያትሩ ባለቤት ላይ ወረወረች። «ለእኔ የሚሆን አንድ ዘፈን እንኳ የለበትም! ነገ አዲስ ዘፈን ካላገኘሁ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ አበቃ!» ማኤስትሮ ሎፍሬዶ ደግሞ ከፉጨቱ የተነሳ ራሱን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ከውስጡ አንድ ኖታ የሚወጣ አይመስልም።

ብሪጂዳ ይህን ሁሉ ስትሰማ አዘነችላቸው እንጂ ነገሩ እሷን ይነካኛል ብላ አልጠረጠረችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊው ጋ ሄዳ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ሻንጣዋን ከፈተች፤ ወረቀቱ በቦታው ነበር። ሳመችውና መልሳ አስቀመጠችው። ነገ አራተኛው ምሽት ነው።

በዚያ ምሽት ልብስ መለወጫው ክፍል ቀሚሷን እያሰረች ሳለ ከመድረክ የማራስካን ድምፅ ሰማች። የመጀመሪያውን መስመር ሰማች፤ ሁለተኛውን ሰማች። አራተኛው መስመር ላይ ማረፊያው ሲመጣ ለትንፋሽ ችግር የማታውቀው ማራስካ እዚያች ማረፊያ ላይ ዝም ስትል፣ ብሪጂዳ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ወደ ሻማ ማከማቻው ሮጠች። እዚያ በሩን ዘግታ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ የተጨበጨበውን ጭብጨባ በእግሯ ሰማችው።

አኒዬሎን መድረኩ ኋላ አገኘችው። ፊቱ የአመድ ቀለም ነበረው።

«ለማን ብለህ ነው?» አለችው። «ለማኤስትሮህ? እንዳያባርርህ?»

«እኔ? ብሪጂዳ፣ እኔ አሁን፣ ለማኤስትሮው ገጽ ስገልጥ ነው ወረቀቱን ፊቴ ላይ ያገኘሁት! በሌላ ሰው እጅ ተገልብጦ፣ በሁለት ድምፅ ከፍ ተደርጎ! ቅጂው ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው!»

«የእኔ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ዛሬ ከሰዓት በእጄ ይዤዋለሁ። ሌላ ቅጂ ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው።»

«አልሰጠሁም እኮ ነው የምልሽ!»

«ታዲያ ማን ሰጠ? ቅዱስ ጄናሮ?»

አኒዬሎ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዶና ቪንቼንዛ አንድ ወረቀት እንደ ባንዲራ እያውለበለበች መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯን ትታ ነበር። «ሊዝበን!» አለች። «አንደኛ ዘፋኝ! የቲያትሩ ባለቤት ወንድም እዚያ ቲያትር አለው፤ ባለቤቱ በወንድሙ ስም ፈርሞልሻል! ልጄ፣ አንደኛ ዘፋኝ!»

አኒዬሎ ውሉን አየ። ቀጥሎ ብሪጂዳን አየ። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲዘጋ ታያት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «አሁን ገባኝ።»

ምኑ እንደገባው አልጠየቀችውም። በሊዝበኑ ቀንቶ ነው አለች በልቧ። ዘወር ብሎ ሄደ፤ እሷም አልጠራችውም። ሁለቱም ተበድያለሁ ብለው ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታን ያህል የናፖሊ ሰው የማይችለው ነገር የለም፤ ሲችለው ግን ያበዛዋል።

ዘጠኝ ዓመት።

ሊዝበን ክፉ አልነበረም። ብሪጂዳ አንደኛ ዘፋኝ ሆነች፤ ሰው ሰማት፣ ተጨበጨበላት። ሁለት ነጋዴና አንድ ፈረሰኛ መኮንን ሊያገቧት ጠየቁ፤ ዶና ቪንቼንዛ ሦስቱንም ወደደቻቸው፣ ብሪጂዳ ግን አንዱንም አልወደደችም። አራተኛው መስመር ላይ የሚጠብቃት ቼምባሎ ተጫዋች ግን አላገኘችም። «የሰዓት ሠሪው መበለት» በመርከበኞች አፍ ተከትላት መጣች። ዓሣ አውራጆቹ የዘፈኑን መጀመሪያ ሲያፏጩ መንገድ ታቋርጣለች። ቲያትሩ ኦፔራዋን ባነሳ ቁጥር ታማለች። «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ» ብላ ስምንት ዓመት ያለፈችውን ኦፔራ በዘጠነኛው ዓመት ለአንድ የቤተ መንግሥት ሠርግ ታዘዘች፤ እምቢ ማለት አልተቻለም።

ድርሻዋ በጠዋት መጣላት። ዶና ቪንቼንዛ ጠረጴዛው ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ ብሪጂዳ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ወረቀቱን ገለጠች። እንደ መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ ልትውጠው አስባ በዓይኗ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው አንቀጽ አለቀ። ሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ደረሰች።

ሦስት ኖታ። ወደ ላይ ሊሄድ ብሎ የተመለሰ።

ጣቷን ኖታው ላይ አደረገች። ይህችን አኒዬሎ አያውቃትም። ወረቀቱን ከሰጣት በኋላ ነው የጨመረቻት፤ ፊቱ ዘፍናት አታውቅም። ከአኒዬሎ ጭንቅላት ልትወጣ የምትችል ነገር አይደለችም። ከሻንጣዋ ካልሆነ ከየትም አትመጣም። ሻንጣዋን ደግሞ የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

«እማ» አለች።

ዶና ቪንቼንዛ ቀና አለች። የልጇን ጣት አየች፤ ወረቀቱን አየች። ባቄላዋን አስቀመጠች።

«የቲያትር ቤቱ ሰዎች ሁለት ሰዓት ነው የወሰዱት» አለች። «ገልብጠው መለሱልኝ። ወረቀቱን እንኳ አላጠፉትም።»

«እማ!»

«ምን ላድርግ? ሁለተኛ ዘፋኝ አርጅታ ምን እንደምትሆን አንቺ አታውቂም፤ እኔ ልብሷን ሳጥብ አውቃታለሁ! ወስጄ ውል አመጣሁልሽ። አንደኛ አደረግሁሽ። እሱን ብታገቢ ኖሮ ዛሬም በሎሚ መሐል ትዘፍኚ ነበር!»

«ሰውየውን ሌባ አልኩት። ዘጠኝ ዓመት ሌባ ብዬ ኖርኩ። እሱም እኔን...» እዚህ ላይ ደርሳ ቆመች። ውሉ ሲውለበለብ የተዘጋው ዓይኑ ትዝ አላት፤ ምን እንደገባው አሁን ገባት። ዘፈኑን በሊዝበን ውል የሸጠችው እሷ መስላው ነው የሄደው።

ብሪጂዳ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር፤ ዶና ቪንቼንዛ ጩኸት ትችላለች። ልጅቷ ግን ተነስታ ሻንጣውን አወረደችና ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። እናቷ ቀይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻት።

«መርከብ ላይ እንደሚያስመልሰኝ ታውቂያለሽ» አለች።

«ሠርጉን ዘፍኜ ናፖሊ እሄዳለሁ። አንቺ ቅሪ።»

«ብቻሽን? አበድሽ እንዴ?»

በቀጣዩ ካርኒቫል ያ የናፖሊ ቲያትር «የሰዓት ሠሪው መበለት»ን ሲያነሳ አንደኛዋ ዘፋኝ ከሊዝበን የመጣችው ብሪጂዳ ሆነች። ማኤስትሮ ሎፍሬዶ ወደ ሰሜን ሄዶ በስሙ ይኖራል። ቼምባሎው ላይ ግን አኒዬሎ ነበር። ጸጉሩ ሳስቷል፤ መነጽር አድርጓል፤ እጅጌው አሁንም አጥሯል።

በልምምዱ ጠዋት ቲያትሩ ባዶና ቀዝቃዛ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ዶና ቪንቼንዛ ወንበሯን ይዛ ተቀምጣለች፤ ካልሲ ግን አልያዘችም። አኒዬሎ ሳይነሳ አንገቱን ብቻ ዝቅ አደረገ።

«እመቤት፣ እንኳን ደህና መጡ። የሊዝበን አየር ተስማምቶዎታል።»

ያ አንቱታ ብሪጂዳን ከዘጠኝ ዓመቱ ሁሉ በላይ አናደዳት። አሰናድታ የመጣችው ንግግር ነበራት፤ መርከብ ላይ አርባ ጊዜ አጥንታዋለች። ያንን ግን ተወችው።

«እንጀምር» አለች።

«እንጀምር። አንድ ልመና ብቻ አለኝ።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ማራስካ ያስገባቻት ጌጥ አለች። እሷን ይተዉልኝ። ሕዝቡ ይወዳታል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን አልጻፍኳትም። ዘፈኑ ስሜን አልያዘም፤ ይሁን። ባለቤቱም ሸጠችው፤ ይሁን። ያቺ ጌጥ ግን በየምሽቱ ስትመጣ በሰው ቤት ገብታ እንደተቀመጠች እንግዳ ታስጠላኛለች። ዘጠኝ ዓመት ጠላኋት።»

ብሪጂዳ ወደ ቼምባሎው ተጠጋች። ከጉያዋ በክር የታሰረ፣ ጠርዙ የቢጫ ቀለም የያዘ አራት ገጽ አውጥታ ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሦስተኛው ገጽ» አለችው። «መነጽርህን አድርግ።»

አኒዬሎ ገለጠ። የራሱን እጅ አየ፤ የደበዘዘ ጥቁር ቀለም። ቀጥሎ ሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ቀላ ባለ ቀለም፣ በሴት እጅ የተጨመሩ ሦስት ኖታዎች አየ። ጣቱን ኖታዎቹ ላይ አሳረፈ።

«ይኼ...»

«እኔ ነኝ የጨመርኳት። አንተ ከሰጠኸኝ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን። ማራስካ የዘፈነችው ከሻንጣዬ የተሰረቀውን ነው። እናቴ ናት የሰረቀችው። እኔ አልሸጥኩም፤ አንተም አልሸጥክም። እኔም ጅል፣ አንተም ጅል።»

«ለምን ጨመርሻት?» አላት።

«መልሴን ዘፈኑ ውስጥ ታገኘዋለህ አላልኩህም ነበር?»

አኒዬሎ ወረቀቱን ያዘ። ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ፤ ዶና ቪንቼንዛ ተነስታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማ ነበር።

«ስንት ምሽት ተጫውቻታለሁ!» አለ አኒዬሎ። «በየምሽቱ ጥርሴን ነክሼ! ሲያጨበጭቡላት ብጮህ ደስ ባለኝ!»

«በየምሽቱ እሺ ስልህ ነበር፣ አንተ የቼምባሎ ጅል! በማራስካ አፍ፣ በሰው ሁሉ አፍ! ዘጠኝ ዓመት!» ብሪጂዳ የቼምባሎውን ክዳን በጥፊ መታችው። እንባዋ መጣ፤ ተናዳ ነው ያለቀሰችው፤ ብዙ ዓመት በከንቱ ሲያልፍ ደስታም እንደ ንዴት አድርጎ ነው የሚመጣው። «ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ!»

አኒዬሎ መነጽሩን አወለቀ። እጆቹን ከቁልፎቹ በላይ አነሳና ጠበቃት።

በመክፈቻው ምሽት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ብሪጂዳ ዘፈኑን ማራስካ በምትዘፍንበት ሰዓት አልዘፈነችውም፤ የቲያትሩን ባለቤት ተሟግታ ወደ በረዶው ሰዓት አስወስዳዋለች። ሻጮቹ ትሪያቸውን ይዘው ገቡ፤ ማንኪያው ተንኳኳ። አራተኛው መስመር ላይ ትንፋሽ ሳበች፤ ቼምባሎው ጠበቃት። ሁለተኛው አንቀጽ ሲያልቅ ወደ ታች፣ ወደ አንድ ሰው እያየች፣ ሦስቱን ኖታዎች ዘፈነች። ማንኪያው ሁሉ ዝም አለ።

ከዚያ ቀጥሎ ቼምባሎው አንድ ምት መምታት ነበረበት። አልመታም። የሚቀጥለውንም አልመታም። አኒዬሎ በሕይወቱ ሙሉ የተሳሳተው በዚያች ምሽት ብቻ ነው።

በዚያ ሳምንት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ስለ ኦፔራዋ ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ እየጠቀሱት «ቼምባሎ ተጫዋቹ ሰክሮ ነበር፤ ጉንጩም እርጥብ ነበር» ይላሉ። ጉንጩ እርጥብ ነበር። ስካሩ ግን ውሸት ነው፤ ሰውየው በዚያ ምሽት የሎሚ በረዶ እንኳ አልቀመሰም። ሲወጣ ዶና ቪንቼንዛ በር ላይ ቆማ፣ በቀይ እጇ አንድ ብርጭቆ ይዛ እየጠበቀችው ነበር።

«እንካ» አለችው ዓይኗን ሳታነሳ። «ሳይቀልጥ ብላው።»